«ዙር» ሳልል የቀረሁ ቀን

ዘመኑ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፤ እኔ ሃያ ዓመቴ። ያስታወሰኝ ዛሬ ጠዋት የሰማሁት ድምፅ ነው። ከቤቴ ጀርባ ሜዳው ላይ የጥበቃ ሠራተኞች ሲሠለጥኑ አንዱ ጎረምሳ «ቀኝ ዙር፣ ግራ ዙር» ይላል፣ ጥድፍ ጥድፍ። ትእዛዝ እንዲህ አይጠራም!

ያኔ የቀበሌያችንን ሰልፈኛ የሚያሠለጥኑ ሁለት ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩ። አንደኛው ረጅሙ አስር አለቃ ናቸው። «ወደ ፊ...ት» ብለው ይጎትቱና ዝም ይላሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ አዳማ በሙሉ ዝም ያለች ይመስልሃል። ከዚያ «ሂድ!» ጅራፍ ነው። ሁለተኛው የመቂ ሰው፣ አጭር፣ ድምፀ ሻካራ። እሳቸው መጎተት አያውቁም፤ «ወደፊትሂድ!» ብለው በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል።

«ያንተ የበሬ መንጃ ነው» ይሏቸዋል አስር አለቃው።

«ያ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ያንተ ደግሞ ቀረርቶ ነው። እስክትጨርስ ሰልፈኛው ይሸብታል።»

እኔ የመቂ አውቶቡስ ረዳት ነበርኩ። መናኸሪያ ስጣራ ድምፄ ገበያ ድረስ ይሰማል ብለው ለበዓሉ ሰልፍ ትእዛዝ ጠሪ አደረጉኝ። ስልቱን ግን የአስር አለቃውን ያዝኩ። ለምን ብትለኝ፣ እኩያዬ የሆነች ልጅ አለቻቸው፤ እሷን ፈልጌ ነው። እሳቸው ደግሞ «አውቶቡስ በር ላይ ለሚንጠለጠል ልጄን አልሰጥም» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። በጥሪዬ ልቤን አይተው ሐሳባቸውን እንዲለውጡ ነበር ድካሜ።

የልምምዱ መጨረሻ ቀን ልጂቱ ከጓደኞቿ ጋር አጥሩ ሥር ቆማለች። ሰልፈኛውን አስኬድኩት። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ አቧራው በፀሐይ ወርቅ መስሏል። ሜዳው ጫፍ ላይ አንዲት ነጋዴ የመቂ ቲማቲም መሬት ላይ ዘርግታለች፤ እዚያ ሳይደርሱ ማዞር አለብኝ።

«ወደ ኋ...ላ» አልኩ።

ልጂቱ ቀና ብላ አየችኝ። አየችኝና ጨመርኩበት። ጎተትኩት፣ ጎተትኩት፣ ትንፋሼ አለቀ። «ዙር» የምትለዋ ቃል ከደረቴ አልወጣ አለች። ያልታዘዘ ሰልፈኛ ደግሞ አይዞርም። አርባ ሰው ግራ ቀኝ እያለ ቲማቲሙ ውስጥ ገባ! የፊተኛው እስከ ጉልበቱ ቀልቶ እንኳ እጁን በልኩ ያወናጭፋል።

ነጋዴዋ «ኡኡ! ጨረሳችሁኝ!» አለች። የመቂው ሰው መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አስር አለቃው ወደኔ መጡ። ጥፊ ጠበቅሁ።

«አንድም ሰው ሰልፉን አላበላሸም» አሉ፣ ጢማቸው እየተንቀጠቀጠ። «አንድም!» ከዚያ እሳቸውም በሳቅ ፈነዱ። እንባቸውን ጠርገው «ለመሆኑ ለማን ብለህ ነው እንዲያ የጎተትከው?» አሉኝ።

መዋሸት አልሆነልኝም። በአገጬ ወደ አጥሩ አመለከትኩ። ልጂቱ በሻሿ አፏን ይዛ ትስቃለች።

ሳቃቸው ቆመ። እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። 

«በል፣ መጀመሪያ ቲማቲሙን ልቀምላት» አሉ። «ከዚያ ሰው ላክ።»

ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ዛሬም ድምፃቸው ጆሮዬ ውስጥ አለ። አርባው ሰልፈኛም እኔም ተንበርክከን የተረፈውን ስንለቅም መሸ።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሱ ያለ ረዳት ወጣ። እኔ የመቂውን ሰው በር አንኳኩቼ «አባቴ፣ ሽማግሌ ሁኑኝ» አልኳቸው።