ሻይ የጠጣው ፎቶ

አከራዬ እትዬ ፎቶ እንዳነሳቸው የጠየቁኝ ሟች ባለቤታቸው ግድግዳ ላይ ብቻቸውን መሰቀላቸው ስላሳሰባቸው ነው።

«ብቻውን ሆኖ ያፈጣል» አሉኝ፣ ከሱቃቸው ባንኮኒ ጀርባ ሆነው። «ቅዳሜ እህቶቹ ከመሀል አገር ይመጣሉ። ከቀብሩ ወዲህ አልመጡም። ግድግዳውን አይተው ‹ሚስቱስ የታለች?› ይሉኛል።»

ባለቤታቸው ለንግድ ቦንጋ መጥተው፣ እትዬን ከአቅራቢያዋ ከተማ ከዋጫ አግብተው፣ በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። እህቶቻቸው ወንድማችንን ያስቀረችብን እሷ ናት ይላሉ አሉ። በፎቶው ላይ ባለቤታቸው ገና ወጣት ናቸው፤ ወረቀቱ ግን አርጅቶ ቡናማ ሆኗል። እትዬ አንድ ጊዜ ፎቶ ቤት ሄደው በከለር ተነስተው ነበር። አምጥተው ከባላቸው ጎን ሲያስጠጉት እናትና ልጅ መሰሉ። መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉበት።

«አንቺ በእጅሽ የምትሠሪው የድሮ ዓይነት ፎቶ አለ አይደል? እንደሱ አድርጊልኝ። ፎቶው ያርጅ፤ እኔ ግን አላርጅ።»

«እሺ» አልኩ። እኔ ለሁሉም ነገር እሺ ነው የምለው። ቀለሙ ሰማያዊ እንደሚሆንም ተናግሬ ነበር፤ ነገር ግን የኔ ድምፅ ከሻርፔ አልፎ ሰው ጆሮ የሚደርሰው በስንት ጊዜ አንዴ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ይህን የፎቶ አሠራር የለመድኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። ሁለት ዓይነት የብረት ጨው በውሃ አሟሙቼ አደባልቃለሁ፤ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ የስዕል ወረቀት ላይ በብሩሽ እቀባዋለሁ። ሲደርቅ የሚታተመውን ነገር ደርቤበት፣ መስታወት ጭኜ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ከዚያ በውሃ አጥበዋለሁ። ፀሐይ የነካው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፣ ያልነካው ታጥቦ ይሄዳል። እስከዚያን ጊዜ የማትመው ቅጠል ብቻ ነበር። ቅጠል አፍንጫዬን አሰፋሽው ብሎ አይቆጣም።

በሱቁ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚውሉት ጋሽ ግን ሥራዬን ፈጽሞ አላመኑትም።

«ቲቸር፣ ዛሬም በጠራራው መስኮት ዘግተሽ ምን ትደግሚያለሽ?»

«ወረቀት እየቀባሁ ነው ጋሽ።»

«እኛ የምናውቀው ቤት ሲቀባ ነው።»

«ጠራራው» ያሉትም ለቀልድ ነው። የቦንጋ ፀሐይ እንደ ዞን ኃላፊ ናት፤ ብቅ ትላለች፣ ሁሉም ሰው ይነሳላታል፣ ከዚያ ስብሰባ አለብኝ ብላ ትሄዳለች። በዚያ ሳምንት የቀባኋቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ደመና በላብኝ። ለእትዬ የቀረችው የመጨረሻዋ ወረቀት ነበረች።

ፎቶ ያነሳኋቸው በስልኬ ነው። ጥለት ያለው ነጠላቸውን ለብሰው፣ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ትንፋሻቸውን ይዘው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ይተንፍሱ እንጂ።»

«ስትጨርሺ እተነፍሳለሁ።»

ምስሉን ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ፣ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጌ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ላይ አሳተምኩት። ሐሙስ ዕለት ፀሐይዋ ስብሰባዋን ረስታ ቆየችልን። ወረቀቱን ሳፋ ውስጥ ሳጥበው የእትዬ ፊት ጥርት ብሎ ወጣ። ልብስ ማስጫው ላይ በመቆንጠጫ ሰቀልኩት። እትዬ መጥተው ቀረብ ብለው አዩት።

«ሰማያዊ ነኝ» አሉ በመጨረሻ።

«የተማሪ ዩኒፎርም መስለዋል» አሉ ጋሽ ከበረንዳው።

እትዬ ሮጠው ገቡና የባላቸውን ፎቶ ይዘው መጡ። አስጠጉት። ቡናማ ባልና ሰማያዊ ሚስት። ፎቶውን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ቤት ተመለሱ። የዚህን ጊዜ ከዓመታት በፊት ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ፦ እንዲህ ዓይነት ሰማያዊ ፎቶ መጀመሪያ በልብስ ማጠቢያ ሶዳ ከደበዘዘ በኋላ ወፍራም ሻይ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ቡናማ ይሆናል። ግን ሞክሬው አላውቅም፤ ሌላ ወረቀትም የለኝም። ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ወረቀቱን እዚያው ማስጫው ላይ ተውኩት።

አርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ማስጫው ላይ ምንም የለም። እትዬ ሳፋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጃቸው አረፋ ለብሷል።

በአማርኛ ፎቶ ይታጠባል። ፎቶ ላሳጥብ ብሎ የሚሄድ ሰው ግን ሳሙና ይዞ አይሄድም፤ ይህን ለእትዬ የነገራቸው የለም። እኔም ሳምንቱን ሙሉ «ሳጥበው ያምራል» እያልኩ ነው የከረምኩት።

«ቀለሙ አልለቀቀም ብዬ ነው» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «አንቺ በውሃ ብቻ ነው ያጠብሽው። እኔ በዱቄት ሳሙና ዘፈዘፍኩት።»

ወረቀቱ ላይ የቀረው ስስ ቢጫ ጥላ ነበር፤ ሽፋሽፍትና የነጠላው ጥለት። ሌላው ሁሉ ሄዷል።

«ራሴን አጠብኩና ጠፋሁ» አሉ። «ነገ ይመጣሉ፤ እሱ እንደሆነ ያው ብቻውን ነው።»

የዱቄት ሳሙናው ውስጥ ሶዳ እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። እኔ የፈራሁትን ግማሽ መንገድ እትዬ ማንንም ሳይጠይቁ ሄደውታል።

«እትዬ፣ ሻይ ይጣዱ!» ብዬ ጮህኩ። «ወፍራም ሻይ! ስኳር እንዳይገባበት!»

የጋሽ የስፌት መኪና ቆመ።

«እንግዶቹ ዛሬ መጡ እንዴ?»

«ለፎቶው ነው!»

«ለፎቶ ሻይ? እዚህ ከፋ ውስጥ? ቡናው እንዳይሰማሽ ቲቸር፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ።»

ቀስ ብለሽ ተናገሪ የተባልኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ወረቀቱን በንጹሕ ውሃ ደጋግሜ አለቀለቅኩት። እትዬ ጀበናውን ትተው ብረት ድስት ጣዱ፤ ጥቁር እስኪሆን አፈሉት። ቅርንፉድ ልጨምር ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አይሆንም አልኩ። ሲበርድ የታጠበው ሳፋ ውስጥ ገልብጬ ወረቀቱን አስገባሁትና ሁለታችንም ሳፋው ላይ አጎነበስን። ጋሽም መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ እንደሰኩ መጡ። ለረጅም ጊዜ የምናየው ሻይ ብቻ ነበር። ከዚያ ጥለቱ ጠቆረ። ቅንድብ መጣ። ዓይን መጣ።

«መጣሁ!» አሉ እትዬ።

ሙሉ በሙሉ አልመጡም። የፊታቸው ቀጫጭን የዕድሜ መስመሮች ከሳሙናው ጋር እንደሄዱ ቀሩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እትዬም ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄደው ብዙ አዩት። ከባላቸው ጎን ራሳቸው ሰቀሉት።

ቅዳሜ ሁለቱ እህቶች መጡ። ታናሽየዋ ተቀመጡ። ታላቅየዋ ቦርሳቸውን እንደያዙ ግድግዳው ፊት ቆሙ። እኔ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቀረሁ።

«ይሄ ያኔ ስትጋቡ የተነሳችሁት አይደል?» አሉ ታላቅየዋ። «አስታውሰዋለሁ። እንዴት ያለች ቀንበጥ ነበርሽ!»

ጋሽ ከበረንዳው በኩል አሳላቸው። እትዬ ወደ እኔ አላዩም።

«አዎ፣ ያኔ ነው» አሉ፣ ለእንግዳዋ ወንበር እየሳቡ። «ብዙ ታጥቦ ነው እንጂ።»