ከበር የተሠራ ዳማ

መንገዱ ሲሰፋ ሮቤ ያለው ቤታችን የፊት ክፍሉ ፈረሰ። ባለቤቴ ሹፌርነቱን ከተወ ጀምሮ ቀኑን የሚያሳልፈው እዚያ በረንዳ ላይ፣ ከጎረቤታችን ባለሱቅ ጋር ዳማ ሲጫወት ነበር። የባለሱቁም ቤት አብሮ ስለፈረሰ ሰውዬው ጎባ ገባ። ባለቤቴን ደግሞ በዚያው ክረምት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ዛለ፣ ግራው ይንቀጠቀጣል። አንደበቱ ቢመለስም ዝም ብሎ ግድግዳ ሲያይ ይውላል።

"ዳማህን ላምጣልህ?" አልኩት አንድ ቀን።

"በየትኛው እጄ?"

እውነቱን ነው። የካርቶን ሰሌዳው ሲነካው ይንሸራተታል፣ ቆርኪዎቹ ይበተናሉ። ስለዚህ ከፍርስራሹ የተረፈውን የዝግባ በር ከጓሮ ጎትቼ አወጣሁ። ሚስማሩን በጉጠት ነቅዬ አንዱን ሳንቃ ቆረጥኩ፤ አረንጓዴ ቀለሙን በጠርሙስ ስባሪ ፋቅኩ። የዳማውን ጥቁር ቤቶች በጋለ ብረት ተኮስኳቸው፤ ቆርኪው ገብቶ እንዲቀመጥም መሀላቸውን በመሮ ጎድጎድ አደረግሁ። መዳፌ ተላጠ፤ ደስ ይለዋል እያልኩ ግን ቻልኩት።

ሰሌዳውን ጭኑ ላይ ሳስቀምጥለት ከዳር የቀረችውን አረንጓዴ ቀለም በጣቱ ነካ።

"በራችን ነው?"

"አዎ።"

"የተረፈችንን ደግሞ አንቺ ቆራረጥሻት?" አለና ፊቱን አዞረ።

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ቢጨንቀኝ ለባለሱቁ ደወልኩለት፤ በማግስቱ በሚኒባስ መጣ።

"አከም ጂርታ፣ ወንድሜ?" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለውና አቀፈው። ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ቆርኪዎቹን ደረደረ። ባለቤቴ እኔን እምቢ እንዳለኝ እሱን እምቢ ማለት አልሆነለትም። በሚንቀጠቀጠው እጁ ገፋ፤ ቆርኪው ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ጥቂት እንደተጫወቱ ግን ባለሱቁ መብላት ሲችል አልፎ ሌላ አንቀሳቀሰ።

"ለምን አልበላኸኝም?" አለው ባለቤቴ።

"አላየሁትማ።"

"አይተኸዋል። የታመመው እጄ ነው፣ ዓይኔ አይደለም። ልታዝንልኝ ከሆነ የመጣኸው ሂድ!"

ባለሱቁ ያንቀሳቀሰውን ቆርኪ ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ በላ፣ ደግሞም በላ፣ እስኪጨርስበት ድረስ አልማረውም። ባለቤቴ የተበሉበትን ቆርኪዎች ወደ ሰሌዳው እየመለሰ "ድገም" አለው።

አሁንም ባለሱቁ ሲመቸው ይመጣል። ዝናቡ ሲበረታ ግን ስለሚቀር የምጫወተው እኔ ነኝ። ባለቤቴ አንዳንድ ቀን ተራው የማን እንደሆነ ይጠፋዋል። "የእኔ ነው?" ብሎ ቀና ሲል፣ ያልሆነ እንደሆነ "አይደለም" እለዋለሁ። እጁን ይሰበስብና ይጠብቀኛል።