ማስተር ተርኪ ሲያረባ

ሰውዬው ቁልፍ ሠሪ ነው፤ የሰፈሩ ሰው «ማስተር» ይለዋል። እሱ ያልከፈተው በር የለም ይባላል። ራሱ ሲጠየቅ ግን «ከገዛ አፌ በቀር የማልዘጋው ነገር የለም» ይላል። እውነቱን ነው። ያ የተርኪ ጣጣም የመጣበት በአፉ ነው።

ባለፈው ዓመት በዓል የሚስቱ ወንድም፣ ሥጋ ሻጩ፣ ከሱቁ ማቀዝቀዣ አንድ ተርኪ አውጥቶ ይዞላቸው መጣ። ተርኪ ማለት ያ አንገቱ መላጣ፣ አራት ዶሮ የሚያህለው ዶሮ ነው። አምጥቶም ዝም አላለ፤ ስለ ሥጋው ሲያብራራ ዋለ። ማስተር ሰለቸው።

«ይሄ እኮ በረዶ ነው» አለ። «ለሚቀጥለው በዓል እኔ ጓሮዬ ያሳደግኩትን ነው የምትበሉት።»

ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ቁልቋል እንኳ በእጅህ አልጸደቀም» አለችው። ገበታው በሙሉ ሳቀ። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ማስተርም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ አራት የተርኪ ጫጩት ገዛ።

ጫጩቶቹ መብላትም መጠጣትም አያውቁም ነበር። መኖ ላይ ቆመው መኖ ይጠብቃሉ። አንዷ ወዲያው ሞተች። ደንግጦ ለሸጠችለት ሴት ደወለላት።

«እናት የላቸውማ፤ ማን ያስተምራቸው?» አለችው። «አፋቸውን ውሃ አስነካቸው። መኖው ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ጣልና እየጫርክ አሳያቸው።»

የሚያብለጨልጭ ነገርስ ቤቱ ሞልቷል። ገና ያልተሞረዱ ቁልፎች መኖው ላይ በተነና ተንበርክኮ በጣቱ ይጭር ጀመር። በጣቱ አልሆን ሲለው በአፍንጫው ሞከረ። ሚስቱ በዚያው ቅጽበት ገባች። ጥቂት ቆማ አየችው።

«ይጣፍጣል?» አለችውና ተመልሳ ወጣች።

«በስተርጅናዬ እናት ሆንኩ» ይላል ማስተር ይህን ሲያወራ። ጫጩቶቹ ግን ተማሩ፣ አደጉም። ችግሩ፣ ቁልፍና ምግብ ለእነሱ አንድ ሆኖ ቀረ። ቁልፍ ሲንቃጨል ከሰሙ ጓሮውን ጥለው ከቤቱ ፊት ያለው ሱቁ ይገባሉ። አንዲት ርዕሰ መምህርት የቢሮዋን ቁልፎች እያንቃጨለች ስትገባ ወንዱ ተርኪ ላባውን ነፍቶ፣ ጭራውን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ተቀበላት። ሴትዮዋ እንዴት እንደወጣች ሳታውቀው ራሷን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አገኘችው።

«አይነካም፣ አይዞሽ» አላት ማስተር።

«አለመንካቱን እሱ ያውቃል?» አለችው ከላይ ሆና።

ያን ጊዜ እልህ ያዘው። ከቆርቆሮና ከሽቦ ወንፊት ጠንካራ ቤት ሠራላቸው፤ በሩ ላይም ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ፣ በገዛ እጁ ያበጀውን መቆለፊያ ገጠመ። ከውስጥ መክፈቻ አላደረገለትም፤ ተርኪ ምን ያደርግለታል ብሎ። ቁልፉን ውጭ እንደሰካ መኖ ሊያፈስ ሲገባ ነፋስ በሩን ገፋው። ቀጭ አለ።

«ድምፁ ራሱ የጥሩ ሥራ ድምፅ ነበር» ይላል።

ሲጮህ ሚስቱ ደረሰች። ቁልፉን ብታዞረው ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ቀረ። «ወንፊቱን ቁረጪው» አላት። «ሦስቱ ወጥተው መንገደኛ ሊያሳድዱ? ቆይ፣ የማዶውን ልጥራ» አለች።

የማዶው ከመንገዱ ባሻገር ሱቅ ያለው ሌላ ቁልፍ ሠሪ ነው። በሩ ላይ ከማስተር ቁመት የሚበልጥ የእንጨት ቁልፍ ለማስታወቂያ ስለሰቀለ ሁለቱ ሰላምታ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። «እሱን ከምትጠሪ እዚሁ ልሙት» አለ ማስተር። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሄዳለች።

የማዶው የመፍቻ ቦርሳውን ይዞ መጣ። አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ መቆለፊያውን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ማን ሠራው?»

«እኔ» አለ ማስተር በወንፊቱ ቀዳዳ።

«ሥራውስ ጥሩ ነው። ሰውዬው ነው በተሳሳተ ወገን የቆመው።»

መጀመሪያ የሳቀው ማስተር ነው። መፍቻዎቹ ሲንቃጨሉ የሰማው ወንዱ ተርኪ ምግብ የመጣ መስሎት አንገቱን በማስተር ትከሻ ላይ አሾልኮ ሲያፈጥ የማዶውም አልቻለም፤ ሳቁ እስኪያልፍለት መክፈት አቃተው። በሩ ሲከፈት ያ የማይዘጋ አፍ «በዓሉን እኛ ጋ ዋል» አለ።

በበዓሉ ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን ይዞ መጥቶ ወንዱን አረደው፤ ሁለቱ ሴቶች ለእንቁላል ቀሩ። ማስተር ሥራ ያለበት መስሎ ሱቁ ተደበቀ። ተርኪው ምድጃ ውስጥ አልገባ ስላለ ተቆራርጦ ተሠራ። ገበታ ሲቀርብ ማስተር እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«በአፍንጫዬ ያበላሁትን እኔ አልበላም።»

የማዶው አንድ ጉርሻ ይዞ ብዙ አኘከ።

«እንዴት ነው?» አለው ማስተር፣ አላስችል ብሎት።

«ጥሩ ነው። ትንሽ ደርቋል።»

«ምኑ ነው የደረቀው?» ማስተር ቅር አለው። ለማረጋገጥ ብሎ ከሰውየው ሳህን ቆንጥሮ ቀመሰ። አላመነም፤ ደገመ። ሚስቱ ሞልታ አንድ ሳህን ፊቱ አኖረችለት። እሱም ቀና ሳይል አጋመሰው።

«እውነትም ደርቋል» አለ በመጨረሻ፣ አፉ እንደሞላ። «እስቲ መረቁን አቀብሉኝ።»