ስድስት ስፒከር ገዝቼ ንግግር አጣሁ

ያን ጊዜ መናኸሪያ አካባቢ ቴሌቪዥንና ሆም ቴአትር እሸጥ ነበር። ገዢ ሲመጣ ትልቁ ስፒከር ላይ ባዶ ብርጭቆ አስቀምጥና ዘፈን እለቅበታለሁ። ብርጭቆው ሲንቀጠቀጥ ሰውየው ኪሱን ይዳብሳል። «እስቲ ሰው ሲያወራ አሰማኝ» ያለኝ አንድም አልነበረም። እኔም ያልተጠየቅኩትን አልናገርም።

አማቴ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ እኛ ቤት ነበር የሚኖሩት። የአማርኛ ፊልም ነፍሳቸው ነው፤ በጆሯቸው ብቻ ይከታተሉታል። ላስደስታቸው ብዬ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ከነስድስት ስፒከሩ አስገባሁ።

እሑድ ከቸርች መልስ ከፈትኩላቸው። ፊልሙ ውስጥ መኪና ሲያልፍ ሶፋው ተንቀጠቀጠ። ባልና ሚስቱ ማውራት ሲጀምሩ ግን ሹክሹክታ ሆነ።

«ምን አለችው?» አሉኝ።

ድምፅ ጨመርኩ፤ ሙዚቃው ገብቶ ቆርቆሮውን አስጮኸው። ቀነስኩ፤ ንግግሩም አብሮ ሄደ።

በማግስቱ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ወዳጄን ጠየቅኩ። «ንግግር የሚወጣው ከመሃለኛዋ ስፒከር ነው። የት አስቀመጥካት?» አለኝ። ባለቤቴ ዳንቴል አልብሳ ቡፌ ውስጥ ቆልፋባታለች። እንዳልቆጣት ደግሞ፣ ለስንቱ ደንበኛ «ይቺ ለቡፌ ታምራለች» እያልኩ የሸጥኩት እኔው ነኝ።

አውጥቼ ፊት ለፊት አኖርኳት። ትንሽ ተሻለ፤ ግን ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ሙዚቃውን ንግግሩ ላይ ጭነውበታል። እሱን በየትኛው ቁልፍ ልለየው? ስፒከሮቹን ነቅዬ ቴሌቪዥኑን ብቻ ሞከርኩ፤ ድምፁ ከጀርባው ስለሚወጣ የሚያወራው ለግድግዳው ነው።

«በቃ አንተ ንገረኝ» አሉ አማቴ። እኔም አልሰማሁ፤ ምስሉን እያየሁ በግምት አወራሁላቸው።

«ይሄ የሚስቀው ቅድም ሞተ ያልከኝ ሰውዬ አይደል እንዴ?»

«ወንድሙ ነው፣ እማማ።»

«ተው እንጂ! የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬን ምን አደረግከው?»

ከዚያ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ሴትዮ ጋ ውሰደኝ አሉ። ጀርባዋ ያበጠ ትንሽ ቴሌቪዥን አለቻቸው። በየእሑዱ ክንዳቸውን ይዤ አደርሳቸው ጀመር። በሩ ላይ ስንደርስ የሰው ንግግር ጥርት ብሎ ይሰማል፤ እሳቸው ገና ሳይቀመጡ ይስቃሉ።

«አንተም ግባ እንጂ» ይሉኛል።

እንዴት ብዬ ልግባ? ደንበኛ ቢያየኝስ?