የአምናው የእንቁላል ዋጋ

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ ካራ ገበያ ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ጠፍቶብኛል። የዚያን ዓመት የእንቁላል ዋጋ ግን ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። የልጆቹን የልደት ቀን የሚረሳ ሰው የእንቁላል ዋጋ የማይረሳው ያለ ምክንያት አይደለም።

በሻጭነት የምሠራበት ሱቅ ሲወረስ የካ ቤቴ ቁጭ አልኩ። መቀመጥ ለእኔ ይሆንልኛል፤ ለባለቤቴ ለአስቴር ግን አልሆነላትም። የስፌት መኪናዋን ሸጠችና ብሩን እጄ ላይ አኖረችው።

"ነግድበት" አለችኝ። "ይህ ካለቀ ቤታችን ውስጥ የቀረው የሚሸጥ ዕቃ አንተ ብቻ ነህ። አንተን ደግሞ ማን ይገዛል?"

እውነቷን ነው።

እንቁላል መረጥኩ። በዚያን ጊዜ የድሮ ዋጋ የሚሸጥ አንድ ደላላ ነበር። ቅቤው፣ እንቁላሉ አምና በዚህ ሰሞን ስንት ነበር ብትሉት መጀመሪያ እጁን ይዘረጋል። የሚጠይቀው ገንዘብ ለእንደኔ ዓይነቱ ትንሽ ነጋዴ የሚቀመስ አልነበረም። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አቅሜ የቻለችው አንዲት ወሬ ብቻ ናት፦ "አምና የካቲት አጋማሽ ላይ እንቁላል እሳት ነበር።" ይህቺን እንደ ወርቅ ይዤ ጥር መጨረሻ ላይ በማለዳ ካራ ደረስኩ።

መንገድ ዳር ባሕር ዛፍ ሥር ጥቂት ነጋዴዎች ተቀምጠው ይጫወታሉ። ሥራ ፈቶች ብዬ ናቅኋቸው፤ ለወሬ ጊዜ የለኝማ! ከገጠር የመጣ አንድ ባለእንቁላል ይዤ፣ "ያለህን በሙሉ እወስዳለሁ፤ ሳምንታት ብይዘውም ግድ የለኝም" እያልኩ እንደ ባለሀብት ስኩራራ አንዲት ቅቤ ነጋዴ ሰሙኝ። እትዬ በላይነሽ ይባላሉ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ እንቁላል ልትታቀፈው ነው?"

"የለም እትዬ፣ የካቲት አጋማሽ ላይ እሸጠዋለሁ። አምና ያኔ እሳት ነበር።"

ከዛፉ ሥር ሳቁ ፈነዳ።

"አምናማ ያኔ ቅበላ ነበራ! ዘንድሮ ሁዳዴ ቀድሞ ነው የሚገባው፤ ቅበላ የዛሬ ሳምንት ነው። የካቲት አጋማሽ ላይ ለማን ልትሸጠው ነው? ለመነኩሴ?"

ባለእንቁላሉ ሳይቀር ሳቀብኝ። የጾሙ መግቢያ በየዓመቱ እንደሚዘዋወር መች አስቤው! እኛ ቤት ሁዳዴ አይጾምም። እትዬ በላይነሽ ትክ ብለው አዩኝና ጠጋ ብለው፣ "የጴንጤዎቹ ወገን ነህ እንዴ?" አሉኝ። እጄ ላይ የነበረውን እንቁላል ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። ያን ጊዜ ጴንጤ መባል ከእንቁላል ኪሳራ የባሰ ነገር፣ እስርም ያመጣ ነበር። መዋሸት ፈልጌ ነበር፤ ግን ላቤ ቀድሞ መሰከረብኝ።

"ታዲያ ጾማችንን ሳታውቅ በጾማችን ልትነግድ?" አሉና ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። "ና ተቀመጥ፣ አትንቀጥቀጥ። እንቁላሉን ትሰብረዋለህ።"

እነዚያ ሥራ ፈት ያልኳቸው ሰዎች ለካ የዓመታት የገበያ ዋጋ ይዘው ነው የተቀመጡት። ዋጋ ጽፎ መገኘት አሻጥረኛ ስለሚያሰኝ ሁሉን በቃል ያዙት። ቅቤ በእትዬ በላይነሽ ራስ፣ ነጭ ሽንኩርት በሌላው ራስ። ዘመኑንም የሚቆጥሩት በወር ሳይሆን በጾምና በበዓል ነው።

"ግማሹን ብቻ ግዛ" አሉኝ እትዬ በላይነሽ። "ከቅበላ በፊት ጨርሰው። የቀረውን ብርህን ለፋሲካ አቆየው።"

ደላላው ትዝ ብሎኝ ኪሴን ዳበስኩ። "ስንት ልክፈል እትዬ?"

"የሸጥክበትን ዋጋ ተመልሰህ ትነግረናለህ። እውነቱን። ለከርሞ ለሌላው ይሆነዋል።"

እንዳሉት ሳይሰበርና ሳይበላሽ ሸጥኩት። ተመልሼ ስነግራቸው ጎበዝ ለመምሰል ትንሽ መጨመር አማረኝ፤ እትዬ በላይነሽ ቀና ብለው ሲያዩኝ ተውኩት። ከዚያ ወዲያ እንቁላል በእኔ ራስ ሆነ። አስቴርም ውላ አድራ ሌላ የስፌት መኪና ገዛች፤ እኔም ሳልሸጥ ቀረሁ።

እትዬ በላይነሽ ካረፉ ቆይተዋል። ያን ዕለት ዝም ቢሉኝ የእሳቸው ኪስ አይጎድልም ነበር፤ እኔ ግን ልጆቼን ይዤ ወዴት እገባ ነበር እላለሁ። አሁንም ቅበላ በደረሰ ቁጥር ጉርድ ሾላ ካለችው ባለሱቅ ዘንድ ቆሜ የአምናውንና የካቻምናውን የእንቁላል ዋጋ አወርድላታለሁ።

"አባባ፣ ይገዛሉ ወይስ ያወራሉ?" ትለኛለች።

"እየከፈልኩ ነው ልጄ" እላታለሁ።