ለእሁድ የተቀመጠው ቅባት

ወጣች! ዛሬ ጠዋት፣ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ፍንትው ብላ ሳለች፣ በሩን ከፍታ ወጣች! ይህን ካልጻፍኩ ታዲያ ምን ልጽፍ?

የወጣችው ጎረቤቴ ኛፉሩ ናት። ቆዳዋ ቀለም ሳይኖረው የተወለደች፣ ፀሐይ የማትምራት ልጅ ናት። እንጀራዋ ደግሞ በፀሐይ ነው። እዚህ ኡኬሬዌ ደሴት ላይ እኛ ሴቶች ጣት የምታክለውን ዓሣ፣ ዳጋን፣ አሸዋ ላይ አስጥተን እየሸጥን ነው የምንኖረው። ዳጋዋን የምታደርቅላት ፀሐይ እሷን ታቃጥላታለች።

አምና ጆሮዋ ላይ አልድን ያለ ቁስል ወጣ። ሐኪሞቹ ግማሽ ጆሮዋን ቆርጠው ክፉውን በሽታ አወጡላት፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባትም ሰጥተው ሰደዷት። እናቷ ቅባቱን ከክት ልብስ ጋር ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ደህና ነገር ለእሁድ ነው! እሁድ እሁድ ልጅቷን ቀብታ ቤተ ክርስቲያን ትወስዳታለች፤ እኛም «እንዴት አማረባት!» እንላለን። ሰኞ ሳትቀባ እንጨት ለቀማ ትወጣና ትከሻዋ ተልጦ ትመለሳለች። በፋሲካ ሰሞን እናቷ «ቅባቱ ውሸት ነው» አለችና በሩን ዘጋችባት።

ዘጋችባት ስላችሁ ዘጋችባት ነው። መስኮቱን በጆንያ ጋረደችው። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጣራው ሙቀት ስትቀቀል ትውላለች። ሲመሽ እኛ ስንገባ እሷ ትወጣለች፤ የሚያወራት ሰው የለም። መጀመሪያ ላይ ዐይኗን የጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ላይ ተክላ «አንቺ! የግራው ደርቋል፣ ገልብጪው!» ትለን ነበር። «እሺ አለቃ!» እያልን እንስቃለን። ኋላ መጮኹንም ተወችው። አንድ ቀን ጣቴን በስንጥቁ ባስገባላት ይዛ አልለቅም አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ያንን ቅባት የምትሠራ ዴቦራ የምትባል ሴት በጀልባ መጣች። የእሷም ቆዳ እንደ ኛፉሩ ነው። እጇን ጎትቼ የኛፉሩ እናት ደጃፍ አደረስኳት።

«መቼ መቼ ነበር የምትቀቢያት?» አለች ዴቦራ።

«እሁድ እሁድ! አንድም እሁድ አላሳለፍኩ» አለች እናት በኩራት።

«ቤተ ክርስቲያናችሁ ጣራ የለውም እንዴ?»

ሳቄን በሻሼ አፈንኩት። ዴቦራ አንድ ጣሳ ከፍታ አሳየችን። ነጩ ዱቄት ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ቆዳ ላይ ተነጥፎ የፀሐይዋን ክፉ ጨረር አብዛኛውን ይውጠዋል፣ የቀረውን ይበትነዋል። አብረውት የተደባለቁት ሌሎች ነገሮችም ጨረሩን ጠጥተው ቀለል ወዳለ ሙቀት ይለውጡታል። ዘይቱና ሰሙ ዱቄቱን እኩል አዳርሰው ይይዙታል። ላብ ስለሚያጥበው ግን በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል፤ ለመቆጠብ ብሎ ማሳሳት የለም።

«የተቆረጠ ጆሮዋን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም» አለች እናት። «አላወጣትም!»

ከግድግዳው ጀርባ የኛፉሩ ድምፅ መጣ። «እማ፣ የሆሳዕና ዕለትስ? ዘንባባ ይዘን እስከ ቀትር ስንዞር አልዋልንም? ተላጥኩ?»

«ያን ዕለት የጠበቀሽ እግዚአብሔር ነው!»

«ሰኞስ የት ሄዶ ነው?»

እናት ቀስ ብላ በሩ ሥር ቁጭ አለች። «ያን ዕለት ቀብቼሽ ነበር» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

ዛሬ በገዛ እጇ ቀባቻት፤ ያውም ሳትሰስት! ልጅቷ ዱቄት የተደፋባት መሰለች። ረጅም እጅጌ፣ ሰፊ ባርኔጣ፤ ከአራት ሰዓት በፊትና ከአሥር ሰዓት በኋላ ብቻ ተብሎ ተማማሉ። እንዲያም ሆኖ እናቷ በሩ ላይ የልጇን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ ጣቶቿ የተፈቱት አንድ በአንድ ነው። ኛፉሩ አሸዋው ላይ ዐይኗን ጨፍና ቆመች፣ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ ዳጋ አነሳች።

«ይሄን ያሰጣችው ማን ናት? እንቅልፏን እየተኛች ነው?»

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ ስድብ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም!

ውይ፣ ጀልባው ሊነሳ ነው። እህቴ ተሳፍራበታለች፣ የኛፉሩን መውጣት ገና አልሰማችም፤ ልሩጥ!