ያልነገርኳቸው የመጨረሻ ሐሙስ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሶሻል ወርክ ተማሪ የተግባር ልምምድ ዘገባዋን እንዳርምላት ደሴ ወዳለው ቢሮዬ አምጥታ ነበር። ሥራዋ ጥሩ ነው፤ ግን ቤታቸው እየሄደች ስታማክራቸው ከቆየችው እናት ጋር እንዴት እንደተሰነባበተች አንድ መስመር እንኳ የለበትም። «መሰነባበቱስ?» ስላት «ረሳሁት» አለችኝ። ልቆጣ ብዬ የራሴው ጉድ ትዝ አለኝና ተውኩት።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ከኩታበር መጥቼ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። በክረምቱ በጉም ተሸፍኜ እገባለሁ፣ በጉም ተሸፍኜ እወጣለሁ። ሰው ማማከር እየተማርኩ እኔ ግን ውሎዬን የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረኝም። ይህን ደግሞ ለማን ይነግሩታል?

ለልምምድ የተመደብኩት ኮምቦልቻ፣ እትዬ ዘሃራ ዘንድ ነበር። አንዲት ልጃቸው ዓረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ወዲህ ከቤት መውጣት ትተዋል፤ ገበያ የለ፣ ለቅሶ የለ። ሥራዬ በየሐሙሱ እየሄድኩ ማዳመጥ፣ ቀስ በቀስም ከጎረቤት ጋር መልሶ ማገናኘት ነበር።

መጀመሪያ ቀን ቅጼን ዘርግቼ «እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ምግብስ ይበላልዎታል?» እያልኩ ስጽፍ፣ «ልጄ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ መጥተሽ፣ እስኪ መጀመሪያ አረፍ በይ» አሉና የበቆሎ እሸት ጠብሰው ሰጡኝ። ቅጹን ያጠፍኩት ያን ዕለት ነው። በሦስተኛው ሐሙስ ስለ ልጃቸው ማውራት ጀመሩ።

«ገበያ ደርሼ ልምጣ ብላኝ ነው የወጣች። ወላሂ፣ ብትነግረኝ ዱዓ አድርጌ በሸኘኋት ነበር።»

በስድስተኛው ሐሙስ አብረን ጎረቤት ቤት ሄድን። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

መምህራችን «ሥራችሁ መቼ እንደሚያልቅ ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው» እያለ ሲወተውተን ከርሟል። በፈተናም መጥቶ በደንብ መልሼዋለሁ። ለእትዬ ዘሃራ ግን ነገ ዛሬ እያልኩ አቆየሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ሐሙስን ከሳቸው ይልቅ የምናፍቀው እኔ ሆኜ ነበር። በመጨረሻው ቀን በር ላይ «እንግዲህ ለሐሙስ» ሲሉኝ «እሺ» ብዬ ሄድኩ።

ከሦስት ወር በኋላ ዓይኔን በጨው አጥቤ ተመለስኩ። አልተቆጡም። በክብር ተቀበሉኝ፤ ምሳም ቀረበ።

«ልጅዎ ደወለች?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ነው።»

«እንቅልፍስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ለማንኛውም እንግዳ የሚባለውን አሉኝ፣ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨመሩም። ቁልቁል የወረድኩትን መንገድ ሽቅብ ስመለስ ሚኒባሱ ሙሉ ነበር፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ልጃቸው ትደውል አትደውል እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለተማሪዋ ነገርኳት። ትምህርቱ ጎድሎኝ እንዳልነበር፣ ያወቅሁትን ለማድረግ ልቤ እንደሰነፈ ጭምር። እሷም «ታዲያ ለምን ይቅርታ አልጠየቋቸውም?» አለችኝ።

«እንደ ማንኛውም እንግዳ፣ ምንም አይደል ይሉኝ ነበራ» አልኳት። እሱን ከሳቸው አፍ መስማት ነው ያቃተኝ።